ሚስማሩ

ጠዋት ጠዋት ሁሌ ቁልፌ ይጠፋኛል፣
ፍራሽ ሳገላብጥ ላብ ላብ ይለኛል፤
ከሽምብጥ ባጃጁ ጥሎኝ ይሄድና
አረፍዳለሁ ዛሬም፣ እንደ ትናንትና።

አንድ ቀን አመሻሽ ጣና ዳር ስደርስ
አያ ይበልጣልን አየሁት ሲመለስ፤
ዓሣውን አውርዶ፣ ወገቡ ሳያርፍ ገና፣
ታንኳውን ጎትቶ ከግንብ አስደገፋት፣
ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ፣ ቀጥ አርጎ አቆማት።

«ነገ ልትቀዝፋት፣ ምነው ብትተዋት?»
አልሁት። ሳቅ አለና፣ በመዳፉ መታ መታ አረጋት፦
«ደንገል ውሃ ጠጥቶ ካደረ ይከብዳል፤
የማታውን ድካም የዘለለ ሰው፣ ጠዋት
ሐይቁን ተሸክሞ ሐይቅ ላይ ይሄዳል።»

ቤቴ ገባሁና ከበሩ መቃን ላይ
አንድ የዛገ ሚስማር በድንጋይ መታሁ።
ሰኞ ረሳሁት።
ማክሰኞም ረሳሁ።
ረቡዕ፣ ከተኛሁበት ተነሥቼ፣
በባዶ እግሬ ሄጄ ቁልፌን ሰቀልሁ።
ከዚያ ወዲያ አልቆጠርሁም።

ትናንት መብራት ሄደ፣ ሰፈሩ ጨለመ፤
ጎረቤት በሙሉ ሻማ ሲያፈላልግ
እጄ ብቻውን ሄዶ ሚስማሩ ጋ ቆመ።
ቁልፌ ቀዝቀዝ ብሎ
እዚያው ነበር።

ካልሲዬን ግን አትጠይቁኝ፤
አንዱ እስካሁን የለም።