ሁለት ደቂቃ

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሐዲድ ሄዳ፣
ቬልታ ሪጋ ላይ ትራሟን ስትነዳ፣
ቀይ መብራት ያዛት በበረዶ ማለዳ።
አንድ ሐሳብ መጣባት፣ ያልጠሩት እንግዳ፦

ሐዲዱ ባይኖርስ?

ዳውጋቫን ተሻግሮ ትራሙ ቢከንፍ፣
ጥድ ለጥድ ሄዶ ባሕሩ ላይ ቢያርፍ፤
ስሟን እንደ ጓንት አውልቃ ብትጥል፣
ንጋት ላይ ብትተኛ፣ ሌሊት ብትኳኳል፤
ባሏን ሰኞ ፈትታ ሐሙስ ብታገባው፣
ቅዳሜ ሲሰለቻት ለጎረቤት ብታውሰው፤
ደወል ባይደወል፣ ሰዓት ባይቆጠር፣
«የት ነበርሽ?» የሚላት አንድም ሰው ባይኖር።

አንድም ሰው ባይኖር።

ሐሳቧ እዚህ ጋ እንደ ፍሬን ሲጢጥ አለ።

ቀጥሎ ካለው ፌርማታ ኤድቪንስ ቆሟል፣
ሦስት እግር የቀረው ውሻውን ካፖርቱ ውስጥ ታቅፏል፤
እንደ ወትሮው ሁሉ
«ዛሬም አረፈድሽ» ይላታል።
አርፍዳ አታውቅም።
እሱም ያውቃል።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የኋላው መኪና ጮኸ።
ቬልታ ግን እጇን ከእጀታው አነሣች፣
ጭኗ ላይ አኖረች፣
በረዶው መስታወቱ ላይ ሲቀልጥ እያየች
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆየች፤
ሽማግሌው ለአንድ ቀን እንኳ
እውነት እንዲናገር።