የቀኙ ስፖኪዮ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ የኛ ሰፈር መግቢያ
የተለካ ነበር በአንድ ጭነት አህያ።
በግራ የአርመኑ ግንብ፣ ልስኑ የረገፈ፣
በቀኝ የእማማ ስንዱ ቆርቆሮ፣
የስንቱን እጅጌ የቀደደ፣ የስንቱን ቀለም የገፈፈ።

አባቴ እዚያ ሲደርስ ማርሽ ይቀንስና
ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የግራውን ስፖኪዮ
ደግሞ እንደጨረሰው ዳዊት ቀስ አርጎ ይከድነዋል፤
ዞር ይላል ወደኔ።
ብዙ ቃል አያውቅም፤ አንድ ነው፣ ያለ ትርፍ፦
«እጠፍ!»

የቀኙ የኔ ነበር።
ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ በመስኮት እስከ ብብቴ ወጥቼ፣
ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ በመዳፌ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ገፍቼ፣
ጓ! ሲል ማጠፊያው፣
ያ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ያ ሽማግሌ፣
ጆሮውን እንደጣለ ውሻ ይገባል አቀርቅሮ፤
አባቴም ሆዱን ይሰበስባል ትንፋሹን ቋጥሮ፣
እሱ ሲከሳ መኪናው የሚጠብ ይመስል።

የታጠፈ መስታወት የኋላውን አያሳይ፤
የራሴን የወለቀ ጥርስ ነበር በውስጡ የማይ።
ኋላችንን የሚያዩልን የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤
ኮፈኑን እየደበደቡ፣ አንዱ ካንዱ በልጦ ሊሰማ፣
«አለህ!… አለህ!… ቀኝ ስበር!… አለህ፣ ጋሽ ተሰማ!»

አንድ ሌሊት ግን የኔው፣ የቀኙ፣ ተነቅሎ አደረ።
በሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብቻ ቀረ።
አባቴ ሶማሌ ተራ ወርዶ መደርደሪያ ላይ አገኘው፤
በምስማር የጫረበት ታርጋችን እንኳ አልተፋቀም።
ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ትናንት የገባ» ብሎ ማለለት፤
አባቴ ቁጥሩን ጮክ ብሎ፣ አንድ ባንድ አነበበለት።
ሃምሳ ብር ተቀነሰለት።
ያን ለታ እራት ላይ የሃምሳ ብሩን ነገር
ሦስቴ አወራልን፣ ሦስቴም አሳቀን።

አሁን የኔዋ መኪና ነዳጅ አትጠጣ፣ ድምፅ የላት።
አንዲት ቁልፍ አለቻት፤ በአውራ ጣት ስነካት
ዝዝዝ…
ግራም ቀኝም እኩል፣ «እጠፍ» ሳይባሉ ይተኛሉ።
ቀኝ ወንበር ላይ ቦርሳዬ አለ።
ክብደቱን ሰው መስሏት «ቀበቶ! ቀበቶ!» እያለች ስታለቅስ
ሰለቸኝና አሰርኩለት።

ትናንት ማታ በዚያ ቁልቁል ስወርድ
ግንቡ የለም። ቆርቆሮው የለም።
እማማ ስንዱ ከከተማ ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣
ደረጃው ጉልበታቸውን በልቶታል አሉ።
በቦታው አስፋልት፣ ወንዝ የሚያህል፣
የብስክሌት መንገድ፣ መብራት የተጠመጠመበት ዘንባባ፣
ስፋት ብቻ፣ ስፋት!
ጣቴ ግን ይህን አልሰማም።
ልክ እዚያ ስደርስ ቁልፏን ተጫነ።
ዝዝዝ…
እኔም፣ ማን ያምነኛል፣ ሆዴን ሰበሰብኩ።

ፊሽካ።
ትራፊኩ በመስኮቴ ጎንበስ አለ፦
«ጥፋትህን ታውቃለህ?»
«እጥፋት ነው» አልኩት፣ «ጥፋት አይደለም።»
አላሳቀውም።
«እየነዳህ ስፖኪዮ የምታጥፈው በምን መሃል ልታልፍ ነው?»
ባዶውን አስፋልት አየሁ፤ እሱም ዞሮ አየ።
«በግንብና በቆርቆሮ» አልኩ።

መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ፣ ፊቴን ከፎቶው አስተያይቶ፣
አፌንም ጠጋ ብሎ አሽትቶ፣
«ዘርጋው» አለኝ። ዘረጋሁ።
የታጠፈማ ይዘረጋል፣ አንድ ጣት ይበቃዋል፤
የጠፋው ነው እንጂ…

ልወጣ መሪዬን ስሰብር፣ መንገዱን ገልመጥ አድርጎ አይቶ፣
እጁን እያወዛወዘ፣ ልቡ ሌላ ጋ ሆኖ፣ እንደ ሥራ ልማድ፣
«አለህ» አለኝ፣
«አለህ… አለህ… ሂድ።»