ሁለት ሽንኩርት

ሠራተኛ ሰፈር፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ከቆርቆሮው በላይ
አንቴና አስተከሉ አቶ ደርበው፤ አከራዩት ሰማይ።
ከሥሩ እተኛለሁ። ሞገዱ አይሸትም፣ ድምፅም የለውም፤
ግድግዳ ያልፋል፣ ሥጋ ያልፋል፤ በር አያንኳኳም።

ቀን አራት ኪሎ፣ ቤተ ሙከራ፣ ብልቃጥ አጥባለሁ፤
ማታ ለራሴ ጥያቄ ሽንኩርት አበቅላለሁ፦
አንዱን በስኒ ውሃ፣ ከትራሴ በላይ፣
ሌላውን ምድር ቤት፣ እትዬ ዘርፌ ጓዳ፣ ልዩነቱን ላይ።

በአምስተኛው ቀን ሥር አወጣ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም።
ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ፣ ከአጉሊ መነፅሩ ዓይኔን አልነቅልም፦
ሴል ለሁለት ሲከፈል፣ ክሮሞዞም ወዲህና ወዲያ ሲጎተት፣
አንዲት ክር መሐል ቀርታለች፣ ቤቷ እንደጠፋት ሴት።

ከሞገዱ ነው? ከቀለሙ? ወይስ የእጄ ጥፋት?
ያለ ምስክር አይፈረድም፤ ወረድኩ ወደ ምድር ቤት።
«ያን ሽንኩርት?» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ ማማሰያ ይዘው፣
«ሥር በልቶ ሳይጨርሰው ከተፍኩት። ና ብላ፣ ትኩስ ነው።»

ቆሜ ስጎርስ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ፣ ከመሐል ሜዳ፤
በዚያው አንቴና አልፋ መጣች፣ የጣሪያችን እንግዳ።
«ድምፅህ ዛሬ ጠራ» አለች፤ «ከጎኔ ያለህ ነው የሚመስለው።»
ጆሮዬ ሞቀ፤ ከስልኩ ይሁን ከበርበሬው፣ ማን ይለየው።