ሁለተኛ ማርሽ

የሦስት ዓመት ኪራይ ሳይከፍለን ከርሞ፣
መሐንዲሱ ሄደ አባቴን ተሳልሞ፣
በዕዳው ፈንታ አልፋ በራችን አቁሞ።
ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ሦስተኛ አታስገባ፣
ጣሪያዋም ሸራ ነው፤ ሸራ ምን ሊረባ
ጦሳ ጉሙን ለብሶ ደሴ ስታነባ?

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” ሲል ጎረቤት ሁሉ፣
“የራሴ ኪራይ ነው!” ነበር የሱ ቃሉ።
እሱም አረፈና ቁልፉ ለኔ ደረሰ፤
ዕዳ እንደ ውሃ ነው፣ ከላይ ታች ፈሰሰ።
ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ደሞዜን ደምሬ
ዘይቷን ስቀንስ፣ ዜሮ ነው ቁጥሬ።

ለባሕር ዳርቻ ነው ሲሠሯት ያሰቡት፣
ለወፍራም አየር ነው ሳንባዋን የሰፉት፤
እዚህ ሰማይ ጥግ ላይ አየር ሲሳሳባት
ቤንዚን በዛባትና ሳል ጀመራት ድንገት።
ፒያሳ መሐል ላይ ጥቁር ጭሷን ተፍታ
ቆማ ቀረች በቃ፣ መንገዱን ዘግታ።
አሥር ሰው ገፋልኝ፤ አሥራ አንደኛው ልጅ
ፎቶ አነሳኝና፦ “ይቺስ ለሙዚየም ነው የምትሆነው እንጅ!”

ሸምሱ ጋራዥ አለው ሰኞ ገበያ ግድም፣
አይሱዙ ነው ሙያው፣ እንዲህ ያለ አያውቅም።
ኮፋኖውን ከፍቶ ዝም ብሎ ቆየ፣
እንደ አዲስ ሙሽራ ፈራ ተባ እያለ አየ።
ከዚያ መጥራት ያዘ፦
ካንዴላ።
ፍሪሲዮን።
ካምቢዮ።
ጓርኒሲዮን።
እያንዳንዱ ብረት በስሙ ሲጠራ
“አቤት” ያለ መሰለኝ ተራ በተራ።
“ጣልያንኛ ከየት?” ብዬ ብጠይቀው፣
“የምን ጣልያንኛ? አማርኛ እኮ ነው!”
አፍ የፈታችበት ቋንቋ ቀድሟት መጥቶ
ሰኞ ገበያ ዳር፣ ግሪስ ተቀብቶ፣
ይጠብቃት ኖሯል። ዘመድ ነበራት፤
ባዕዱ እኔው ነኝ፣ ስሟን የማላውቅላት።

አራት ጉሮሮ አላት። ሸምሱ የጎማ ቱቦ
ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ሞተሩ ላይ ተስቦ፦
“ይሄኛው ባቲ ነው፣ ያኛው አምባሰል ነው፣
አንድ ቅኝት ካልገቡ ሠርጉ በጠብ ነው።”
ሩብ ዙር በካቻቢቴ፣ እንደ ክራር ጅማት፣
ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ፣ መግሪብ እስኪጠራበት።
ሲያዜሙ ባንድ ላይ አራቱ ጉሮሮ፣
የሰፈሩ ውሻ አዳመጠ ዞሮ።

ግን ሁለተኛ ማርሽ! ሐረጎ ቁልቁለት
ከሦስት ወደ አንድ ነው፣ መሐሉ የለበት፤
ወይ ትከንፋለህ፣ ወይ እየጮኽክ ቁም፤
መሐል የሌለው ሰው ቁልቁለት አይችልም።
ሚላኖ ጻፍኩላቸው። በወሩ መልስ መጣ፦
“ክቡር ሆይ፣ ይህ ዕቃ ከሥራ ከወጣ
ሠላሳ ዓመቱ ነው።”
ከሰላምታ ጋራ።

ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ሚኒባስ ነው ያን ቀን፣
በመሐረብ ጠቅልዬ ያለቀ ቀለበቷን።
ወልደሰንበት አለ፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣
ቶርኖው ሽማግሌ፣ እሱ መነጽረኛ።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተጥሎ የኖረ
የነሐስ የቧንቧ አፍ ቀልጦ ተሞከረ፤
አንዱ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ጠበበ፣
ሦስተኛውን በጣቱ ይዞ አሰበ፣ አሰበ።
“ሂሳብ ስንት ልስጥህ?”
“ካልያዘ አትከፍልም። ከያዘ፣ ና ንገረኝ።”

ማታ እናቴ ደወለች፦ “ቀለበት መቼ ነው?
አርባ ሊሞላህ ነው፣ ምንድን ነው ነገሩ ነው?”
“ትናንት አሰርኩ” አልኳት። እልልታዋ ቀለጠ።
“የማን ልጅ ናት?” ስትል ምላሴ አመለጠ፦
“የሚላኖ” አልኳት።
ረጅም ዝምታ።
“ክርስቲያን ናት እስላም?”
ባትሪዬ አለቀ አልኩና ስልኩን ዘጋሁት በቀስታ።

ዛሬ ሐረጎ ላይ ጉም መንገዱን በልቶ፣
አንድ ቅጥቅጥ ከፊቴ ፍሬን መብራት አብርቶ፣
ሦስት ነበርኩ። ፍሪሲዮን። ትንፋሼን ያዝኩኝ።
ሁለት።
ገባ። ምንም ሳይጮህ። እኔ ነኝ የጮኽኩት።

ቦርከናን ተከትዬ፣ ሸራውን ገልጬ፣
ወልደሰንበት ደጃፍ ቆምኩ ፈገግ ብዬ፣
ብሩን በቀኝ እጄ ከኪሴ አውጥቼ።
ቶርኖውን ሳያጠፋ ብቅ አለ ከውስጥ፣
ጆሮውን ሰጣትና፣ እኔን ሳይመለከት፦
“ብሩን መልሰህ ክተት።
መውረድስ ድንጋይም ይወርዳል ከተራራ።
ደሴ ወጥተህ ደውል።”
ገባ ወደ ሥራ።