የወርቅ ሚዛን

ሁለት የናስ ሳህን በክር ያንጠለጠለች፣
ካባቴ የወረስኳት ትንሽ ሚዛን አለች።
አራዳ፣ ከሱቄ፣ ከመስኮቱ ሥር
ጉትቻ መዝናለች፣ የሙሽራ አምባር፤
ሐሰት አታውቅም፤ ነፋስ ትፈራለች።
ዘንድሮ ቤት ገብታ ቅቤ ትመዝናለች።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ማስተዋል ትባላለች።
መጀመሪያ የጣላት ቀን
ጫማዋን እያሰርኩላት ነበር፤
ግራው ታስሮ ቀኙ ሲቀር
ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ።
"ማስተዋል!" ብዬ ጠራሁ፤
ስሟ እጄ ላይ ቀረ።

ጎረቤት ተሯሯጠ። አንዱ ክብሪት ጫረ፣
አፍንጫዋ ሥር ያዘው፤ ያስነጠሰኝ እኔን ነበረ።
እማማ ዘርትሁን የልጅ ልጃቸውን ጎትተው
"አትንካት" አሉ፣ "አረፋው ይጋባል"፤
ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይበላል።
አልፈረድኩባቸውም።
እኔም በልጅነቴ፣ ቀሃ ዳር፣
የሚጥለው ሰው አይቼ መንገድ ቀይሬያለሁ፤
ዛሬ በዚያው መንገድ ልጄን አዝያለሁ።

ከጃንተከል ተነሥተን ሆስፒታል ተራ ጠበቅን።
ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንጎል ስላ አሳየችን፤
"መብራት ታውቃላችሁ፣" አለች፣ "ሲጠፋ፣ ሲበራ፤
የሷ ግን የሚከፋው ሁሉም ባንዴ ሲበራ።"
ኪኒን አዘዘችልን፤
ግማሽ ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ግማሽ ማታ በአሥራ ሁለት፣
የወርቅ መቁረጫዬ ይከፍላታል ከሁለት።
ብናኟን በጣቴ ጫፍ እለቅማለሁ፤
ሥራዬ ነው፣ ብናኝ መልቀም አውቃለሁ።

ሦስት ወር ሄድን። ቀነሰ እንጂ አልተወም።
"እንግዲህ ምግቧን እንለውጥ፤
እንጀራው፣ ዳቦው፣ ስኳሩ ይቅር፣ ቅባቱ ይብዛ፤
እኔ እየተከታተልኩ፣ እናንተ በግራም እየለካችሁ።"
"ግራም" ስትል
ሚስቴ ስንዱ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ብር አቅልጬ ሸጥኩ፣
ቅቤ ገዝቼ አቀለጥኩ።
ሃያ ሁለት ግራም ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣
ጎመን እፍኝ የማይሞላ፣
ሩብ አቮካዶ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሌላ የላትም ሌላ።

ዐቢይ ጾም ገባ።
እኛ ሽሮና ሱፍ፤ እሷ ቅቤና እንቁላል፤
ስንዱ ስትመታው እጇ ያብረቀርቃል፤
ረስታ እንዳትልሰው በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።
የነፍስ አባታችን መጡ። ድስቱን አዩ። ቆዩ።
"ሕፃን ናት" አሉ፤
"ጠበሉን ትጠጣ፣ ኪኒኗም አይቋረጥ።"
ከዚያ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

አንድ ቀን ትራሷን ሳነሣ ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ፤
ደርቋል፣ ጥርስ አልነካውም።
ቁጣ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ደረሰ
"ለማሽተት ነው" አለች።
መልሼ ከትራሱ ሥር አስቀመጥኩት።

ድሮ የዱቤ የነበረ ደብተር አለኝ።
ጥቅምት አሥራ አራት ጊዜ፣ ኅዳር አሥር፣ ታኅሣሥ ዘጠኝ፤
ጥር አራት፣ የካቲት አንድ፤
መጋቢት ባዶ።
በባዶ ገጽ ስደሰት የዕድሜዬ መጀመሪያ።

ሚያዝያ ላይ፣ የደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ ተመልሶ ጣላት።
ሰዓቴን አየሁ። በጎኗ አስተኛኋት።
አፏ ውስጥ ምንም አልከተትኩ፣ ክብሪትም የጫረ የለም፤
እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጥፈው
ከራሷ ሥር አደረጉ።
ሁለት ደቂቃ።
ምንም አላሉም፤ እኔም ምንም አላልኩ፤
ደብተሩ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ማታ መብራት የለም። አሥራ ሁለት ሊሆን ነው።
ሻማው አጠገብ የኪኒኗን ግማሽ ይዣለሁ።
ነፋስ በመስኮቱ ገባ፤
ሳህኖቹ ተንገጫገጩ።
ማስተዋል በሁለት እጇ ከለለቻቸው፣
ትንፋሿንም ያዘች፤
"አባዬ፣" አለች፣ "ሚዛኗ ተንቀጠቀጠች፤
በጎኗ እናስተኛት?"