እንየው

ከማክሰኝት ወዲያ አስፋልቱ እንዳለቀ፣
ባጃጁ አቃሰተ፣ ሞተሩ ታነቀ።
ሾፌሩ ወረደ፣ ጎማውን ዳሰሰ፣
«ከዚህ በእግር ነው» ብሎ ተመለሰ።

ካርታው ስም ነፍጎታል፣ በነጥብ አልፎታል፤
አገሬው በበኩሉ «ንጉሥ ቤት» ይለዋል።
ጀሪካን ያዘለች ልጅ አግኝቼ ጠየቅኋት፦
«የትኛው ንጉሥ ነው?»
«የሞተው ነዋ!» አለች፣ ሳቋ አመለጣት።

ትናንት ጎንደር ነበርኩ፣ በፋሲል ግቢ ጥላ፤
ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ፣ ቬሎው ሲጎተት ከኋላ።
ያኛው ጋቢው ታጥቦ፣ ጢሙ ተበጥሮ፣
እንግዳ ይቀበላል በር ላይ ተገትሮ፤
ይኸኛው ግን ገጠር የቀረ ወንድም ነው፣
ከተማ ያልጠራው፣ ዘመድ ያልጠየቀው።

ዘበኛው እንየው፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ሃምሳ ብሬን ያዘ በጣቱ አንብቦ።
ደረሰኝ ሲጽፍልኝ መስመሩን ዘለለ፣
ስሜ ከሃምሳው ላይ ሄዶ ተንጠለጠለ።
ያኔ ነው ያየሁት ዓይኑ መለሰኑን፣
እንደ ኖራ፣ ሞራ መክደኑን ብሌኑን።

ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ናት ያወጣችው፤
«ይቆይ እንደሁ እንየው» ብላ ነው የጠራችው።
ቆየ። ሰባ ዓመት። ግንቡንም አስቆየ፤
ለመጣው ሁሉ አሳይቶ ነው ዓይኑ የተለየ።

መዳፉ ግድግዳው ላይ፣ ከፊቴ ቀደመ፤
አንዴም አልተሰናከለ፣ አንዴም አልቆመ።
«እዚህ ጋ ጎንበስ በይ፣ ቅስቱ ዝቅ ይላል፤
እዚህ ጋ ሾላው ሥሩን ግንቡ ውስጥ ሰዷል።
የጎደለው ድንጋይ የት ሄደ እንዳትይ፣
የጎሹን በረት ዙሪያውን ሄደሽ እይ፤
ከኔም ደፍ ላይ አለ አንድ ጥርብ ጥቁር
(ያኔ ዘበኛ አልነበርኩም፤ ይህ በመሐላችን ይቅር)።
ሰባተኛው ደረጃ የለም፣ እግርሽን ሰብስቢ፤
ስምንተኛውን ርገጪ፣ ዘጠነኛውን አታስቢ።»

ጫፉ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ እየሞቀ፣
አየን፤ አፈረብን፤ ስንጥቅ ውስጥ ጠለቀ።

ነፋስ ብቻ ቀረ። ጣሪያ የለም፣ ወለል የለም፤
የመስኮት ቅርጽ ብቻ፣ ሰማይ የተደገፈበት።
እንየው አገጩን ወደ ምዕራብ አነሣ።
«ንገሪኝ» አለ፣ «ጣና ይታያል?»

አየሁ።
የደምቢያ ሜዳ ጢሱን ለብሶ ተኝቷል፤
ቃጠሎው፣ አቧራው፣ የሰማዩ ድንበር ጠፍቷል።
ቅርብ ቅርቡ ብቻ፦ ቆርቆሮ፣ የመብራት ምሰሶ፤
ከዚያ ወዲያ የለም፣ አገር ያልቃል ጨርሶ።

«ይታያል» አልኩት፤ አፌ ቀድሞኝ ሄደ።
«ሰማያዊ ነው፤ ብርሃን ላዩ ላይ ወረደ።
ታንኳም አለች አንዲት፣ መሐሉን የሰነጠቀች፣
እንደ ጥልፍ ክር ውኃውን እየወጋች የወጣች።»

ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።
ስሙን ፈርቼ ይሆናል።

ዝም አለ። ድንጋዩን በአውራ ጣቱ አሻሸ።
ከዚያ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ፦
«ሚያዝያ ላይ ጣና ከዚህ አይታይም፣ ልጄ።
ዓይን እያለኝ አርባ ሚያዝያ ቆሜ አላየሁትም።
መስከረም ነይ፣ ዝናቡ አጥቦት ሲሄድ።»

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ልል ስል
እጁን አነሣ፦
«ግን ያንቺው ጣና ያምራል።
ታንኳዋ ወዴት ናት?»

«ወደ ጎርጎራ» አልኩት።
«ቀዛፊው ስንት ነው?»
«አንድ።»

«እንግዲያው ይመሽበታል» አለ፣
ግድግዳውን እየዳሰሰ፤
«እንውረድ።»