የአትርሳው ክብደት

ሙያው መውደቅ ነበር፣ እውነቱ ሲነገር።
ሌላው ሸማ ሠራ፣ ሌላው ቆዳ ፋቀ፣
አትርሳው በደመወዝ ሃያ ዓመት ወደቀ።

እኔ ጣዩ ነበርሁ፤ ስሜም «ነበልባል» ነው፣
በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው።
የሱን ስም ግን በየወደቡ እንለውጠዋለን፤
ለደልጊ ሰው «የቁንዝላው ጉማሬ»፣
ለቁንዝላ ሰው «የጎርጎራው በሬ»።
ሕዝብ የሩቅ ሰው ሲወድቅለት ያጨበጭባል፣
የገዛ ልጁ ሲወድቅበት ድንጋይ ያነሣል፤
ይኼን ያስተማረን የደልጊ ገበያ ነው፣
ማኅተሙን ግንባሬ ላይ የተወው።

መድረካችን ሸራ፣ ከሸራው ሥር ደንገል፣
ከታንኳ ሠሪዎች በሸክም የሚገዛ፤
ሲደርቅ ጀርባ የሚልጥ፣ ክርን የሚያቆስል፣
ሲርስ የሚሸት እንደ ከረመ አምባዛ።
ጀልባዋ ከባሕር ዳር ጎህ ሲቀድ ስትወጣ
እሱ ከኋላ፣ ከፍየሎቹ መካከል፣
ጉልበቱን በቅቤ ሲያሽ፣ በጨርቅ ሲጠቀልል።
ማዕበል ሲያነሣን፣ ሰው ሁሉ ታቦት ሲጠራ፣
«ይኼም አወዳደቅ አለው» ይላል፣ ሳይፈራ።

አገጭ ወደ ደረት፤ ትንፋሽ ቀድሞ ይውጣ፤
መዳፍ ሸራውን ይምታ፣
ጆሮ ይደንግጥ እንጂ አጥንት አይመታ።
«አንድ፣ ሁለት» ይለኛል ጆሮዬ ሥር፣
በ«ሦስት» አነሣዋለሁ።
«ቀስ ብለህ ጣለኝ» ብሎኝ አያውቅም።
«ደህና አርገህ ጣለኝ፣ ከፍለው ነው የመጡት።»
ለጣይ ስምንት ብር፣ ለወዳቂ አምስት።

አንድ ቀን ብቻ ለመነኝ።
ዘጌ ነበርን። እህቱ እዚያ ናት ያገባች፣
ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፊት ቆማለች።
ከጌሾው ማሳ ጥግ ወስዶ፦ «ዛሬን» አለኝ፣
«ዛሬን እኔ ልጣልህ፣ ነገ እንደ ልማዳችን።»
እሺ አልሁት።
አፌ ነው እሺ ያለው። ፊሽካው ሲነፋ ግን
እጄ አልሰማም። ወገቡን ያዝሁ፣ አነሣሁት፣
ሰማይ አሳየሁትና ሸራው ላይ ዘረጋሁት።
ሕፃኑ አለቀሰ።
አትርሳው ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣
ለእህቱ እጅ ነሣ፤
ለእኔ ግን፣ እስከ ባሕር ዳር፣ ቃል አልተነፈሰ።

ኋላ ዲሽ መጣ። በየመጠጥ ቤቱ ጣሪያ
እንደ እንጉዳይ በቀለ።
ልጆች «የናንተ ውሸት ነው» አሉን፤
የነዚያ፣ የባለ መብራቶቹ፣ እውነት መሰለ።
ሸራውን ለእህል ነጋዴ ሸጥን፣ ደንገሉን ላም በላችው።
እኔ የጀልባ ድርሻ ገዛሁ፤ እሱ የጨርቃ ጨርቁ በር ዘብ ሆነ፣
ሌት ተቀምጦ፣ ቀን አንክሶ፣ ዓመት ከዓመት እየመነመነ።

ዘንድሮ በሰኔ ከሆስፒታል ጠሩኝ።
ግማሽ አካሉ ዝም ብሏል። ነርሷ፦ «አባባ፣
አልጋ ልንቀይርለት ነው፣ የሚያነሣ ሰው የለንም» አለችኝ።
የሚያነሣ! ሃያ ዓመት ያነሣሁት እኔ!
የሐይቁ ሁለት ዳርቻ ምስክር ነው ለወኔ።
ወገቡን ያዝሁ፣ እንደ ድሮው። ሳብሁ።
አልተነሣም።
አጥንት ብቻ የቀረው ሰው፣ አልተነሣም።

ያኔ ገባኝ። ዕድሜ ልኩን እየዘለለልኝ ነበር።
እጄ ወገቡን ሲነካ እሱ በጣቱ መሬት ሲመታ፣
ሽቅብ የወሰደው ዝላዩ እንጂ ክንዴ አልነበር።
ዘጌም።
ዘጌም ጭምር፣ ቃሌን በበላሁባት ቅጽበት፣
እህቱ እያየችው፣
ዘለለልኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ነርሷ እግሩን ልትይዝ መጣች።
ጆሮዬ ሥር፣ በግማሽ አፉ፣
«አንድ… ሁለት…» አለ።
ቁልቁል አየሁ፤
ከብርድ ልብሱ በወጣው እግር
አውራ ጣቱ ብቻዋን ዘለለች፤
እኔም በ«ሦስት» አነሣሁት።